ከዌል ሻርክ ጋር አንድ ወቅት፦ ለልጆቻችን የሚሆን ሙያና ትምህርት

ከርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት



ይህ መጽሔት እጃችሁ የሚገባው የትምህርት ዘመኑ ተጠናቆ፣ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበትና ከሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር በሚልበት ጊዜ ነው። በዚህ ሰሞን ስለ በረዶና ስለ ዋልታ ድብ ማንሣት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ከበረዶው አገር ጀምሮ ከደጃችን፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚደርስ ነው። ሐሳባችን አጭር ነው፦ ከትልልቅ የዱር እንስሳት ጋር አንድ ወቅት መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሙያውም በድፍረት ሳይሆን በትምህርት የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ በባሕር ዳር የሚያድጉት ልጆቻችን ሊማሩት ይገባል።

በመጀመሪያ ሙያው በሚገባ ተደራጅቶ ወደሚታይበት ቦታ እንሂድ። በካናዳ፣ ማኒቶባ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በሀድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ቸርችል የምትባል ከተማ አለች። ስሟን በአዲስ አበባው ቸርችል ጎዳና የተነሣ ጆሯችን ይለምደዋል። ነዋሪዎቿ 1,000 እንኳ አይሞሉም። ከሌላው አገር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ ስለሌለ የሚገባባት በባቡር ወይም በአውሮፕላን ነው። እንደኛይቱ ጅቡቲ እርሷም ወደብና የባቡር መስመር መጨረሻ ናት። ልዩነቱ ከተማዋ የተቆረቆረችው የዋልታ ድቦች በሚመላለሱበት መንገድ ላይ መሆኑ ነው።

የዋልታ ድብ ዋና ምግቡ ሲል የተባለው የባሕር እንስሳ ነው። ሲልን የሚያድነው ደግሞ በረጋው ባሕር ላይ፣ በበረዶው ላይ ቆሞ ነው። በሙቀቱ ወራት በረዶው ሲቀልጥ ድቦቹ ወደ የብስ ይወጣሉ፤ በዚያም ለወራት ይህ ነው የሚባል ነገር ሳይበሉ ይቆያሉ። ኦክቶበርና ኖቬምበር ሲደርስ ባሕሩ እንደገና እስኪረጋ ድረስ በቸርችል ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ወንዱ ድብ ከ500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ያውም የተራበ ድብ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከዓለም ዙሪያ ጎብኚ ይጎርፋል። ከጎብኚው ጋር የወቅት ሠራተኛውም ይመጣል፦ የባለ ትልልቅ ጎማ ተሽከርካሪ ሾፌሮች፣ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊዎች፣ ጠመንጃ ይዘው ጎብኚን የሚያጅቡ ጠባቂዎች። ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ መጥተው ወቅቱ ሲያልቅ ወደየመጡበት ይመለሳሉ።

ከእነዚህ ሰዎች ድፍረት ይልቅ እኛን የሚገርመን ሥርዓታቸው ነው። ከተማዋ የቆሻሻ መጣያዋን እ.ኤ.አ. በ2005 ዘግታለች፤ ድቦቹ ሽታውን ተከትለው ይመጡ ስለነበር ቆሻሻው በር ባለው ሕንፃ ውስጥ መከማቸት ጀመረ። ነዋሪው የመኪናውንና የቤቱን በር ሳይቆልፍ መተው ልማድ አድርጎታል፤ መንገድ ላይ ድብ የገጠመው ሰው ሮጦ የሚገባበት እንዲያገኝ ነው። ድብ ያየ ሰው የሚደውልበት ስልክ አለ፤ ሲደወል የጥበቃ ሠራተኞች መጥተው በሚፈነዳና በሚጮህ ጥይት እያስደነገጡ ያባርሩታል። አልመለስ ያለው ተይዞ የከተማው ሰው “የድብ እስር ቤት” ወደሚለው መጋዘን ይገባል። እዚያ ውሃ እንጂ ምግብ አይሰጠውም፤ ሰው ያለበት ቦታ ምግብ ያለበት ነው ብሎ እንዳይለምድ። በመጨረሻም በሄሊኮፕተር ተጭኖ ከከተማው ርቆ ይለቀቃል፤ ወይም ባሕሩ ሲረጋ ወደ አደኑ ይሄዳል። ልጆች ማታ ማታ በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ በሚለምኑበት የኦክቶበር 31 በዓል ደግሞ ጠባቂዎቹ ከተማዋን ዙሪያውን ሲቃኙ ያመሻሉ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ቢጠቃለል ርቀት ነው። “ርቀትን መጠበቅ” የሚለውን አነጋገር እኛ በኮሮና ዘመን አዘወተርነው፤ ከአውሬ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩበት ኖረዋል። ርቀቱ ሰውየው ከድቡ እንዲተርፍ ያደርጋል፤ ድቡም ከጥይት ይተርፋል። ሰው ያጠቃ ድብ መጨረሻው መገደል ነውና።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቸርችል ድቦቿን በምትጠብቅባቸው በእነዚያው ወራት ጅቡቲም የራሷን እንግዳ ትጠብቃለች። ሙቀቱ ሲበርድና ነፋሱ አቅጣጫውን ሲቀይር፣ ከጥቅምት መጨረሻ አንሥቶ እስከ ጥር ድረስ፣ ከከተማችን በስተምዕራብ በአርታ ዳርቻና ከዚያም ወደ ጉቤት በሚወስደው የባሕር ክፍል ዌል ሻርኮች ይመጣሉ። ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሲያድግ ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታዩት ግን አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢሆኑ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ካለ አገር ሳይቀር ጎብኚ የሚመጣው እነዚህን ወጣቶች ለማየት ነው። በትምህርት ቤታችን ግን ከባሕሩ ጥቂት ርቀት ላይ እየኖረ አንድም ቀን ያላያቸው ተማሪ ብዙ ነው። “በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል” የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ስሙ ሻርክ ስለሆነ ልጆች ይፈሩታል። ሆኖም ዌል ሻርክ ሰው አይበላም፤ አፉን ከፍቶ ውሃውን እያጣራ ፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ይመገባል። ምግቡን ፍለጋ ከውሃው ገጽ አጠገብ በዝግታ ስለሚሄድ ከጀልባ መሸሽ አይሆንለትም። እንግዲህ በቸርችልና በአርታ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። በቸርችል የሚያሰጋው ድቡ ነው፤ በአርታ የሚያሰጋው ሰው ነው። በዚህ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርኮችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ከተመለከቷቸው ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ገላ ላይ ጀልባና የሚሽከረከረው የሞተር ስለት ያደረሱትን ጠባሳ አግኝተዋል። ዌል ሻርክ እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት ተርታ ገብቷል። ድብ ቢሆን ያጉረመርማል፤ ዌል ሻርክ ግን ሲጎዳ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ርቀቱን የሚጠብቅለት ሠራተኛ ካልተገኘ የሚጠብቅለት የለም።

የዚህ ሠራተኛ ሥራ ምን እንደሚመስል ተማሪዎቻችን እንዲያውቁ እንፈልጋለን። ጀልባ ነጂው ፀሐይ ሳትበረታ፣ ነፋሱም ሳይነሣ ይወጣል። ዓይኑ ከውሃው አይነቀልም፤ ከገጹ በታች የሚሄድ ጥላ ወይም ብቅ የሚል ክንፍ ይፈልጋል። ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዓሣው ፊት አይቆምም፤ መንገዱንም አይዘጋበትም። አስጎብኚው ጎብኚዎቹን ጥቂት ጥቂት እያደረገ ሳያንቦጫርቁ ወደ ውሃው ያስገባቸዋል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት ደንብ ከገላው ቢያንስ 3፣ ከጅራቱ ደግሞ 4 ሜትር መራቅን ያዝዛል። መንካት፣ ክንፉን ይዞ መንጠልጠልና በብርሃን ማንጸባረቅ ክልክል ነው። ጎብኚው ገንዘብ ከፍያለሁ ብሎ ይበልጥ ልጠጋ ሲል “አይሆንም” ማለት የአስጎብኚው ሥራ ነው። ጉርሻ የሚሰጠውን ሰው “አይሆንም” ማለት ደግሞ ጠባይም ዕውቀትም ይጠይቃል።

ከዚህ በላይ የሚሄድም አለ። የእያንዳንዱ ዌል ሻርክ ነጠብጣብ እንደ ሰው የጣት አሻራ የራሱ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ከስንጥቡ በስተኋላ ያለውን የግራ ጎኑን ፎቶ አንሥተው ነጠብጣቡን በኮምፒዩተር ያነጻጽራሉ፤ በዚህም ያው ዓሣ በሚቀጥለው ዓመት መመለሱን ያውቃሉ። የንጽጽሩ ስልት የተወሰደው በመጀመሪያ ለሥነ ፈለክ ከተሠራ፣ የከዋክብትን ፎቶ ከፎቶ ከሚያመሳስል ስሌት ነው። ልጆቻችን በሂሳብ ክፍለ ጊዜ “ይህ ትምህርት ለምን ይጠቅመናል?” ብለው ሲጠይቁ መምህራኖቻችን ይህን መልስ ቢሰጧቸው እንወዳለን። ሦስት ነጥብ ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ ሦስት ማዕዘኑም ሰማይ ላይ ኮከብን፣ ባሕር ውስጥ ዓሣን ያስለያል።

ይህ ሙያ የባሕር ሰዎች ብቻ እንዳይመስለን። በአገራችንም ብርድና ከፍታ ባለበት ቦታ ይኸው ሥራ ይሠራል። በባሌ ተራሮች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚገኘው በሳነቲ አምባ፣ ሌሊቱ ውርጭ ሆኖ ያድራል። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። ከአካባቢው ኅብረተሰብ የተቀጠሩ ተከታታዮች በእግርና በፈረስ እየሄዱ እያንዳንዱን መንጋ ይቆጥራሉ፤ ግልገል መወለዱን ይመዘግባሉ፤ የታመመ ሲያዩ ያስታውቃሉ። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ከእረኛ ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2008 በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ከመንደር መንደር እየዞሩ የሚከትቡት የሰውን ውሻ ነው። ይህም ርቀትን መጠበቅ ነው፤ በሁለት እንስሳት መካከል የተዘረጋ፣ በመርፌ የሚጠበቅ ርቀት።

በሰሜን ተራሮችም እንዲሁ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በእነዚያ 21 ዓመታት ዋልያውንና ጭላዳ ዝንጀሮውን ይዞ ያቆየው፣ ከሌላው ሁሉ ጥረት ጋር፣ ጠመንጃውን አንግቶ በገደሉ አፋፍ ሲመላለስ የኖረው ስካውት ነው። ስሙ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ልጁን ግን ያስተማረው በዚያ ደመወዝ ነው።

ምናልባት “የሐረር ሰውስ? ጅቡን በእጁ ያጎርስ የለምን? ርቀት የምትሉት የት አለ?” የሚለን አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በጀጎል ግንብ ጅብ ገብቶ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ከግንቡ ውጭም ማታ ማታ ጅብ አብሊው ሥጋውን በእንጨት አንጠልጥሎ፣ አንዳንዴም በአፉ ይዞ ያበላል። ነገር ግን ልብ ብሎ ላየው ሰው እዚያም ሥርዓት አለ። አብሊው የታወቀ ሰው ነው፤ ሰዓቱም ቦታውም የታወቀ ነው። እያንዳንዱን ጅብ በስም ይጠራዋል፤ የትኛው ቁጡ፣ የትኛው ፈሪ እንደሆነ ያውቃል። ዕውቀቱን ያገኘው ከቀዳሚው አብሊ ሥር ሆኖ ነው። ያን ዕውቀት ሳይዝ ልሞክረው የሚል ሰው “ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ” የተባለውን መገልበጡ ነው፤ ራሱ ቁርበቱ እንዳይሆን ያሰጋል። የቸርችሉ ሰው ድቡን አያበላም፤ የሐረሩ ሰው ጅቡን ያበላል፤ ሁለቱንም የሚያኖራቸው ግን ወሰናቸውን ማወቃቸው ነው።

እንግዲህ ወላጆች በስብሰባ ላይ ወደሚያነሡት እንምጣ። አንደኛው “ልጄን ያስተማርኩት ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆን እንጂ ዓሣ ጠባቂ እንዲሆን አይደለም” የሚለው ነው። ይህን የሚሉን እናትና አባት በዚህ ሙቀት ለፍተው፣ ከወደብ ሥራና ከሰው ቤት ሥራ ባገኙት ገንዘብ ክፍያ የሚከፍሉ ናቸው። ምኞታቸውን እናከብራለን። ሐኪም የሚሆነው ሐኪም ይሁን። ነገር ግን ከአንድ ክፍል የሚወጣው ሁሉ ሐኪም አይሆንም፤ ቀሪውም የወደቀ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ሥራ ክቡር ነው ብለን በግድግዳ ላይ ከጻፍን በኋላ አንዱን ሥራ በቤታችን ብንንቅ ልጆቹ የሚያምኑት የቤቱን ነው።

ሁለተኛው “የሦስት ወር ሥራ ምን ሥራ ነው?” የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ወቅቱ አጭር ነው፤ የሚቀጥረውም ሰው ጥቂት ነው። ይህ ሥራ የወጣቱን ሥራ አጥነት ይፈታል ብለን አንዋሽም። ገበሬው አያታችን ግን ዓመቱን ሙሉ የኖረው በአንድ ክረምት እርሻ ነው። የወቅት ሥራ የሚያዋጣው ቀሪውን ዘጠኝ ወር በሌላ ሙያ ለሚሞላ ሰው ነው፦ ሞተር ለሚጠግን፣ ቋንቋ ለሚያስተምር፣ ምግብ ለሚያበስል። በዚህ በኩል የእኛ ልጆች የማይናቅ ስንቅ አላቸው። በየመንገዱ አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማሉ፤ በክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ይማራሉ። ብዙ አገር አስጎብኚ ለማሠልጠን ዓመታት የሚፈጀውን እነርሱ ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ ያገኙታል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው፦ “እኛ በዚህ አገር እንግዶች ነን፤ ባሕሩም ሥራውም የባለ አገሩ ነው።” ትክክል ነው። የአርታን ባሕር ከአባቱ ተቀብሎ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ ቀዳሚነቱም የእርሱ ሊሆን ይገባል። እኛ የምንለው ልጆቻችን ከእርሱ ይማሩ ነው። የተማሩትን ይዘው ነገ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ ጣና ቢመለሱ አገራችን ትጠቀማለች። እዚህ ቢቀሩም ያሳደጋቸውን ባሕር የሚጠብቁ መልካም ጎረቤቶች ይሆናሉ። ዕውቀት የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም።

አራተኛው ፍርሃት ነው፦ ባሕሩን መፍራት። በዚህ ላይ ማንንም አንወቅስም። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የዚህ ባሕር ስም ከሐዘን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ብቻ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ከኦቦክ በስተሰሜን በጎዶሪያ ዳርቻ ሁለት ስደተኞችን የጫኑ ጀልባዎች ተገልብጠው በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹም የአገራችን ልጆች ነበሩ። ከዚያ በፊትም ሆኗል። በዚያ ባሕር ዘመድ የቀበረ ወላጅ “ልጄን ወደ ውሃ አትውሰዱብኝ” ቢለን እንረዳዋለን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳልና።

ነገር ግን ልጆቻችን ባሕሩን ስላልተማሩት ባሕሩ ከእነርሱ አይርቅም። ዓርብ ዓርብ ሲየስታ ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ከጓደኛ ጋር ጀልባ ላይ ይወጣሉ፤ አንዳንዱም ነገ ማንም ሳያየው ያን የሞት መንገድ ያስባል። ባሕሩን የሚያውቅ ልጅ ከልክ በላይ የተጫነ ጀልባ ምን ማለት እንደሆነ በዓይኑ ያውቃል። ነፋስ ሲነሣ ውሃው እንዴት እንደሚለወጥ ያውቃል። ደላላ “አጭር መንገድ ነው” ሲለው ይጠይቃል። የዌል ሻርኩን ርቀት የተማረ ልጅ የባሕሩንም ርቀት ይማራል። ይህ ለእኛ ከሥራውም ከጉብኝቱም የሚበልጥ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ለወላጆች ኮሚቴ ሦስት ነገሮችን እናቀርባለን።

የመጀመሪያው ዋና ነው። ማንኛውም ተማሪ 8ኛ ክፍልን ከማጠናቀቁ በፊት መዋኘት እንዲችል እንፈልጋለን፤ ወንዱም ሴቷም። ለሴቶች ልጆቻችን የተለየ ሰዓትና ሴት አሠልጣኝ እንዲኖር የሚጠይቁ ወላጆች አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ስለሆነ አብሮ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው የወቅት መዝገብ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ተማሪዎች በቡድን ሆነው፣ ከመምህር ጋር፣ ከዳርቻው ላይ ሳይርቁ የሚያዩትን ይጻፉ፦ ቀኑን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የውሃውን ሁኔታ፣ ስንት ጀልባ እንደወጣ፣ ዌል ሻርክ ታይቶ እንደሆነ። መዝገቡ በየዓመቱ ለቀጣዩ ክፍል ይተላለፍ። እንዲህ ያለው መዝገብ ምን እንደሚሠራ ቸርችል ምስክር ናት። በምዕራብ ሀድሰን የሚኖሩት ድቦች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 842 ይገመቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ 618 ወርደዋል። ባሕሩ ዘግይቶ መርጋቱና ቀድሞ መቅለጡ ድቦቹን እንዳስራበ ሊታወቅ የቻለው በየዓመቱ ቁጭ ብለው የጻፉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። የእኛም ባሕር እየሞቀ ነው፤ ወቅቱ ይዘገይ ወይም ያጥር እንደሆነ የሚናገረው በየዓመቱ የተጻፈ መዝገብ ብቻ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም እንደሚባለው፣ ልጆች ከልብ ማየትን የሚማሩት በመጻፍ ነው።

ሦስተኛው ወላጆችን የሚመለከት ነው። በወቅቱ ቤተሰብ ይዛችሁ ወደ አርታ ስትወርዱ ከጀልባ ነጂው ጋር ዋጋ ብቻ አትከራከሩ። ዓሣው ሲታይ ሞተሩን እንዲያዘገይ፣ ሌሎች ጀልባዎች ከከበቡት ተራ እንዲጠብቅ ጠይቁት። በስልክ ለስልክ የሚዞረውን፣ ክንፍ ይዞ የሚንጠለጠለውን ሰው ቪዲዮ በልጆቻችሁ ፊት አታድንቁ። ጀልባ ነጂው የሚጠጋው ደንበኛው ተጠጋ ስለሚለው ነው። ደንበኛው ራቅ በል ካለው እርሱም ደስ ይለዋል፤ ዓሣው ከሸሸ የነገ እንጀራውም አብሮ ይሸሻልና።

በመጨረሻ ለዘንድሮ ተመራቂዎቻችን አንድ ቃል። በትምህርት ዘመናችሁ ብዙ ጊዜ “ቅረቡ፣ ድረሱ፣ ያዙ” ብለናችኋል። ውጤት እንድትይዙ፣ ዩኒቨርሲቲ እንድትደርሱ ብለን ነው። ዛሬ ደግሞ የምንጨምርላችሁ አለ፦ በዓለም ላይ ሳይነኩ የሚጠበቁ ነገሮችም አሉ። ትልቅነታቸውን አይቶ በልካቸው መራቅ፣ ራቅ ብሎም መቁጠር፣ መጻፍ፣ ሌላውም እንዳይነካ “አይሆንም” ማለት ትልቅ ሥራ ነው። ከእናንተ መካከል አንዱ ወይም አንዷ በአርታ ጀልባ ላይ፣ በሳነቲ ውርጭ ውስጥ ወይም በሩቁ በረዶ አገር ይህን ሥራ ቢይዝ ትምህርት ቤታችን ስሙን ከሐኪሞቹና ከመሐንዲሶቹ ጋር እኩል ይጠራዋል።

መልካም የዕረፍት ጊዜ። በጥቅምት ነፋሱ ሲቀየር መዝገቡን ይዘን እንገናኝ።